ከጭልጋ ገደል የወጣው የድንጋይ እንጨት ዕድሜው ስንት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂያችን ወላጆች አገር ጎንደር አካባቢ ያለው ጭልጋ ነው። የክረምት ጎርፍ ከሸረሸረው ገደል ሥር እንጨት የሚመስል ከባድ ድንጋይ አገኙ። እዚያው አካባቢ ቅጠል የታተመበት ስስ ድንጋይም አነሡ። ቅጠሉ «ትናንት ከዛፍ የረገፈ ይመስላል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያየ ሁሉ የየራሱን ዕድሜ ሰጠው። አንድ የቤተሰቡ ሽማግሌ ከኖኅ ውኃ የቀረ ነው አሉ። ድንጋይ የሚነግድ ሰው 200 ሚሊዮን ዓመት ነው አለ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ደግሞ ቁራጭ ይዞ ሄደና ለካርቦን ምርመራ ሰጠው። «ከ43 ሺህ ዓመት በላይ» የሚል ወረቀት መጣ። «የቱን ልመን?» ይላሉ።

መልሱን ላስቀድም። ድንጋዮቹ በእርግጥ ከጭልጋ የሐይቅና የወንዝ ደለል የወጡ ከሆነ ዕድሜያቸው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህን የምለው ድንጋዮቹን ሳላያቸው ነው። ቢልኩልኝም ከዚህ የተሻለ ቁጥር ልሰጥዎት አልችልም። የእንጨቱ ዕድሜ ያለው እንጨቱ ውስጥ አይደለም። ከሥሩና ከላዩ ባለው አለት ውስጥ ነው። ስለዚህ በእኛ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምንድን ነው?» ሳይሆን «ከየት ወጣ?» የሚለው ነው።

በካርቦኑ ወረቀት ልጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባለውን የካርቦን ዓይነት ከአየር ይወስዳል። ሲሞት መውሰድ ያቆማል። ያለው ደግሞ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። 50 ሺህ ዓመት ሲሞላ የሚተርፈው ከመነሻው ከ400 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። 27 ሚሊዮን ዓመት ማለት ግን ከ4,700 ጊዜ በላይ በግማሽ መቀነስ ነው። የሚቀር ነገር የለም። የጭልጋን እንጨት በካርቦን መለካት የአንዲት ጤፍ ፍሬን ክብደት በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ነው።

«ታዲያ ለምን ካርቦን 14 ጨርሶ የለውም አላሉኝም?» ይሉ ይሆናል። ናሙና መቼም ፍጹም ንጹሕ አይሆንም። የከርሰ ምድር ውኃ ካርቦን ይዞ ይገባል። የሣር ሥር ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል። ሻጋታ አለ፣ የእጅ ወዝ አለ፣ ከላብራቶሪው የሚገባም አለ። ምንም ካርቦን 14 የሌለው ናሙና ውስጥ ያለው ካርቦን 1 በመቶው ብቻ የዛሬ ከሆነ፣ መሣሪያው 37 ሺህ ዓመት ግድም ያነባል። ናሙናው የመቶ ሺህ ዓመት ይሁን የመቶ ሚሊዮን፣ ቁጥሩ ያው ነው። ላብራቶሪው «ከ43 ሺህ በላይ» ያለው «አቅሜ እስከዚህ ነው» ሲል ነው። ወረቀቱ አልዋሸም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

በዚያ ላይ የእርስዎ እንጨት እንጨትነቱ አብዛኛው ሄዷል። ቦታውን የያዘው ሲሊካ፣ አሸዋና መስተዋት የሚሠሩበት ነገር ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ ተሟሙቶ የወጣ ሲሊካ በውኃ እየተጓዘ የእንጨቱን ሴሎች ይሞላል። ዘመድዎ ያስለኩት ካርቦን የዛፉ ይሁን በኋላ የገባ፣ ማንም አይምልልዎትም።

አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ዘመድዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ግን ሁለተኛ አይደገም።

ወደ ነጋዴው 200 ሚሊዮን እንሂድ። ይኼኛው ላብራቶሪ እንኳ አያስፈልገውም።

የጭልጋ ደለል የተኛው በባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ በረጋ ጥቁር አለት ላይ ነው። ይህ ባዛልት ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ካለበሰው ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ፍሰት ወገን ነው። ደጋማውን አገር የሠራው ይህ ፍሰት በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዋናው ክፍል አንድ ሚሊዮን ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው የተጠናቀቀው። በላዩ የተከማቸ ደለል ከእሱ ሊያረጅ አይችልም። እዚያ ደለል ውስጥ ያደገ ዛፍም እንዲሁ። ነጋዴው ዓይኑን በጨው አጥቦ 200 ሚሊዮን ሲል ገደሉን አላየም ማለት ነው። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ከባዛልቱ በታች የዳይኖሰር ዘመን አለቶች አሉ። ከዚያ ወጣ ቢል ኖሮ ቢያንስ እንነጋገር ነበር።

ቅጠሉም ራሱ ይመሰክራል። መሃሉ ላይ ዋና ጅማት ካለው፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ጅማቶች ወጥተው መረብ ከሠሩ፣ የአበባ ተክል ነው። የአበባ ተክሎች አሻራ በማያሻማ ሁኔታ መታየት የሚጀምረው ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ ተክሉ ስለ ዕድሜው ጨርሶ ዝም ይላል ማለት አይቻልም። «ከዚህ አላልፍም» የሚል ጣሪያ ይሰጣል። ትክክለኛውን ቁጥር ግን አይሰጥም።

ይህ ጣሪያ አንዳንዴ እጅግ ያገለግላል። ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቪላ ዴ ሌይቫ አጠገብ፣ አንድ ቄስ ከበርካታ ዓመታት በፊት ሁለት ትናንሽ ክብ ቅሪተ አካላት ሰብስበው ነበር። ቅጠል መሰሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ስፌኖፊለም የሚባል ጥንታዊ ተክል ተብለው ስም ወጣላቸው። ችግሩ ስፌኖፊለም ዳይኖሰሮች ሳይመጡ የጠፋ ተክል መሆኑ ነው። አለቱ ደግሞ ከ113 እስከ 132 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ የዳይኖሰር ዘመን አለት ነው። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ የማይገጥም ነገር! እንደገና የመረመሯቸው ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ውጤት ተክል አይደለም የሚል ነበር። የኤሊ ጫጩት ቅርፊት ናቸው። የቅጠል ጅማት የመሰለው የአጥንቱ መስመር ነው። አለቱ ልክ ነበር፣ የተሳሳተው ስሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ፤ ቅጠሉ ለምን የዛሬ መሰለ?

እርስዎ ብቻ አይደሉም የተደናገጡት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሙሽ የሚባል ሸለቆ አለ። እዚያ የጥንት ሐይቅ ደለል እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ በየገጹ ቅጠል አለ። ዕድሜው 21.7 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው። ከተገኙት መካከል ኒውቶኒያ የሚባለው የአተር ዘመድ ዛፍ ዘሮች ይገኙበታል። የዚህ ወገን ዛፎች ዛሬም አፍሪካ ውስጥ በሕይወት አሉ። ጭልጋም እንዲሁ ነው። ከእዚያ ከተገኙት ዘንባባዎች መካከል ዛሬ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ የሚበቅሉት የሐረግ ዘንባባዎች ዘመዶች አሉ። የዛፍ ወገን ቶሎ አይለወጥም። እንስሳ በሃያ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ መልኩ ተገለባብጦ ሲገኝ ቅጠል ግን ያው ቅጠል ሊሆን ይችላል። ጭልጋ ውስጥ ከቅጠሎቹ ጋር በአንድ ዘመን የኖሩት እንስሳት አርሲኖይቴሪየም የሚባል ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ አውሬና የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶች ናቸው። አርሲኖይቴሪየምን ዛሬ የትም አያገኙትም። ዘንባባውን ግን ያገኙታል። ስለዚህ «አዲስ ይመስላል» የሚለውን ከማስረጃ ዝርዝር ይሰርዙት።

«ድንጋይ ሆኗል፣ ስለዚህ እጅግ ጥንታዊ ነው» የሚለውንም ይሰርዙት። ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች እንጨት ሲሊካ በሞላበት ፍል ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። በ7 ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከሢሶ በላይ ሲሊካ ሆነ። ድንጋይ መሆን የሚወሰነው በውኃው ኬሚስትሪ ነው። ግንዱ ላይ የሚታየው ቀለበትም ቢሆን ዛፉ ስንት ዓመት ኖሮ እንደሞተ እንጂ ከሞተ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይናገርም። ብዙ የቆላ ዛፍ ደግሞ ጥርት ያለ ቀለበት እንኳ የለውም። እስቲ እንጨት የሚመስለውን ድንጋይ ውኃ ነክተው የተቆረጠበትን ፊት በማጉያ መነጽር ይዩት። ከቀለበት ይልቅ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ጥቅጥቅ ያለ ነጠብጣብ ካዩ፣ የያዙት የዘንባባ ግንድ ሊሆን ይችላል። ነጠብጣቦቹ ውኃና ምግብ ያጓጉዙ የነበሩ ቧንቧዎች ናቸው። ዘንባባ የዓመት ቀለበት አይሠራም።

እንግዲህ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? በአመድ ነው።

ጭልጋ ደለል ውስጥ በየመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ አለ። ገደሉን ከሩቅ ሲያዩት ነጣ ያለች ወይም ግራጫ መስመር ትመስላለች። ጠጋ ብለው በጥፍር ሲፍቋት ትረግፋለች። ጥርስ ላይ ስትደረግ ኮረኮር ትላለች (አዎ፣ እንቀምሳለን፤ ሸክላ አፈር ግን ልስልስ ነው)። በማጉያ ሲያዩዋት የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉባት። ጠርዛቸው የሰላ ከሆነ ደስ ይለናል። አመዱ ከሰማይ ወርዶ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። የተሞረደ ክብ ከሆነ ግን ውኃ ተሸክሞ አምጥቶታል፤ በመንገድ ላይ የአሮጌ አለት ቅንጣት ሊቀላቀልበት ይችላል። ስንት የደከምንበት ናሙና በዚህ ምክንያት ተጥሏል!

ንጹሕ አመድ ከተገኘ ሁለት ሰዓቶች አሉን። አንደኛው ፖታሲየም 40 ወደ አርጎን 40 መለወጡ ነው። ፖታሲየም 40 በየ1.25 ቢሊዮን ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የነበረው አርጎን ጋዝ ስለሆነ ከቀለጠው አለት ያመልጣል። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይነሣል። ፖታሲየም የበዛባቸው ክሪስታሎች አንድ በአንድ ተለቅመው በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ በሌዘር ይሞቁና የሚወጣው አርጎን ይለካል። ሁለተኛው ዚርኮን የሚባል ማዕድን ነው። የዚርኮን ክሪስታል ሲፈጠር ዩራኒየም ይቀበላል፤ እርሳስን ግን ገፍቶ ያስወጣል። በኋላ ውስጡ የሚገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ከዩራኒየሙ የመጣ ነው። ያን ቆጥሮ ዕድሜ ማግኘት ይቻላል። የዚርኮን ችግሩ ጠንካራነቱ ነው። ከጥንት አለት ውስጥ ሳይቀልጥ ተርፎ አዲስ ፍንዳታ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከብዙ ቅንጣቶች መካከል እርስ በርስ የሚስማሙት ወጣቶቹ ይፈለጋሉ።

በቅንፍ አንድ የውስጥ ወሬ ልንገራችሁ። አርጎንን የምንለካው ዕድሜው ከሚታወቅ ማነጻጸሪያ ክሪስታል ጋር ጎን ለጎን ነው። ከሁሉም የታወቀው ከኮሎራዶ፣ ፊሽ ካንየን ከሚባል አመድ የሚመጣው ነው። የዚህ ማነጻጸሪያ ዕድሜ ቀድሞ 28.02 ሚሊዮን ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 28.2 ተስተካከለ። የድሮ ጽሑፍ ውስጥ ያዩት ቁጥር ከአዲሱ በመቶ ሺህ ዓመታት ቢለይ ማንም አላጭበረበረም፤ የተስተካከለው ማነጻጸሪያው ነው።

ከዚያ የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። ከቅጠሉ በታች ያለው አመድ ይቀድመዋል። ከላይ ያለው ይከተለዋል። ቅጠሉ በመካከላቸው ነው። በዚህ ላይ አለቱ ሲፈጠር የያዘው የማግኔት አቅጣጫ ይታያል። የምድር ማግኔታዊ ዋልታ በየጊዜው ተገልብጧል፤ የመገለባበጡ ቅደም ተከተል ስለሚታወቅ የጎደለውን ይሞላል። ጭልጋ ላይ አመዱም ማግኔቱም እንስሳቱም አንድ ዘመን ላይ ነው የተገናኙት።

ግን ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ አልተገኘም። ጭልጋ ራሱ ዕድሜው ተቀይሮ ያውቃል። ጉዳዩ ለምን እንደሚያስጨንቀን ይህ ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የጭልጋን የአበባ ብናኝ ያጠና አንድ ጥናት ወጣ። ብናኙ የሞቃት፣ የእርጥብ ቆላ ደን ነው። ዕድሜው ደግሞ 8 ሚሊዮን ዓመት ግድም ተብሎ ተያዘ። ዛሬ ቦታው ደጋ ነው። ስለዚህ መሬቱ ከ8 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ከፍ ብሏል የሚል መደምደሚያ ተከተለ። ብናኙ በትክክል ነበር የተለየው። በኋላ ግን ደለሉ እንደገና ሲለካ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ሆነ። ከእንስሳቱ ግኝት ጋር በ2003 ለዓለም ይፋ ሆነ። ልዩነቱ ወደ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ነው! ይህን ያህል ሲለወጥ የደጋው መነሣት ታሪክ፣ የደኑ ታሪክ፣ የአፍሪካ እንስሳት ታሪክ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ተክሉ ግን ያው ተክል ነው። ብናኙን ዛሬም በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ከ1985ቱ አይለይም።

ከዚህ የምወስደው ከደለሉ አጠገብ ያለ ባዛልት ተለካ ተብሎ ብቻ እፎይ እንደማይባል ነው። ባዛልት ሁሉ አብሮ አልፈሰሰም። አንዳንዱ ደለሉን ሰንጥቆ ከታች የወጣ ነው። አንዳንዱ ከብዙ ዘመን በኋላ የተቦረቦረ ሸለቆ ሞልቶ የተኛ ነው። ገደሉ ላይ ሆኖ የትኛው ከሥር፣ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ሰንጥቆ የገባ እንደሆነ ያልለየ ሰው ውድ ማሽን ቢይዝ አይጠቅመውም።

የፓኪስታን ጨውም ይህንኑ ይነግረናል። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የሂማላያ ጨው እየተባለ የሚሸጠው ሮዝ ጨው የሚወጣው ፑንጃብ ውስጥ ኬውራ ከሚባል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሕንዱ ታላቅ የጥንት ዕፀዋት ተመራማሪ ቢርባል ሳህኒ ይህን ጨውና አብሮት ያለውን አለት አሟሙተው አዩ። የእንጨት ፍርፋሪና የአበባ ተክል ቅሪት አገኙ። ስለዚህ ጨው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው አሉ። የመስክ ጂኦሎጂስቶች ግን ጨው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ካላቸው አለቶች ሥር መሆኑን ይዘው ተከራከሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ጨው ያን ያህል ጥንታዊ መሆኑ ተቀባይነት አግኝቷል። የተክሉ ፍርፋሪ ከውጭ የገባ ነው። ጨው ይሟሟል፣ እንደገና ይረጋል፣ ሲረጋ ያገኘውን ይውጣል። ሳህኒ ተራ ሰው አልነበሩም፤ በዘመኑ ከእሳቸው በላይ ተክል የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ታሪክ የማዝነው ለእሳቸው ነው።

የኖኅን ውኃ በተመለከተ ከሽማግሌው ጋር ሙግት አልገጥምም፤ እምነታቸው የራሳቸው ነው። ስለ ገደሉ ብቻ ልናገር። ጭልጋ ውስጥ የድንጋይ ከሰል አለ። ያ ረግረግ ላይ የበቀለ ተክል ለረጅም ዘመን እየተከማቸ የሠራው ነው። አመድ የቀበራቸው ግንዶች በቆሙበት ተገኝተዋል። አፈር ሆኖ፣ ሥር ገብቶበት፣ እንደገና በደለል ተሸፍኖ፣ እንደገና አፈር የሆነ ንጣፍ አለ። አንድ ጎርፍ ይህን አይሠራም።

አሁን ወደ እርስዎ ድንጋዮች። እኔን የሚያሳስበኝ «ገደል ሥር አገኘን» ማለትዎ ነው። ገደል ሥር የተገኘ ድንጋይ ከየትኛው ንጣፍ እንደወረደ አይታወቅም። ወንዝ ከሩቅ አምጥቶትም ሊሆን ይችላል። ሲሊካ የሆነ እንጨት ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ይጓዛል። ቅጠል ያለበት ስስ ድንጋይ ግን ይሰባበራል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ከሁለቱ እኔ የማምነው ቅጠሉን ነው።

ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ምንም አይቆፍሩ። ገደሉን ከታች እስከ ላይ ፎቶ ያንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ወይም ዱላ ይቁምበት። ያገኙበትን ነጥብ በስልክዎ ካርታ ላይ ይያዙ። ነጣ ያሉ መስመሮች ካሉ ቀረብ ብለው ያንሡ፣ ከቅጠሉ በላይ ናቸው ወይስ በታች የሚለውን ይጻፉ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲነገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያዛል። ጭልጋ ለዓመታት የተጠና ቦታ ስለሆነ የአገሬውም ሰው ብዙ ያውቃል፤ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

እስከዚያው ቅጠሉን አይጠቡት። ሸክላው ውኃ ሲነካው ያብጥና ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉም አብሮ ይላጣል። ቫርኒሽ ወይም የጥፍር ቀለም የቀቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያብረቀርቃል፣ ግን ከዚያ በኋላ የጅማቱን ዝርዝር ማየት ያስቸግራል። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በጠፍጣፋው ያስተኙት። ጋዜጣው ላይ ያገኙበትን ቦታና ቀን ይጻፉበት።